ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ግን ቀስ እንበል

ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ቤተሰባችን አንድ አዲስ አባል ተቀበለ። አራት እግር አለው፣ መልኩ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለበት፣ የመጣውም ከሰላሌ ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የፈረስ ግልቢያ ክለብ በክለቡ ፈረሶች ስትማር ቆይታ በመጨረሻ ‹‹የራሴ ፈረስ ይኑረኝ›› አለች። አያቷ ከጡረታቸው ጥቂት አወጡ፣ እህቴ የዕቁቧን ደረሰላት፣ እኔም የዓመት ጉርሻዬን ጨመርኩ። የተማርኩት የንግድ ሥራ አስተዳደር፣ የምሠራው ደግሞ ገበያ ልማት ስለሆነ የፈረሱን ወጪ የመቆጣጠሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ፈረስ የማውቀው ነገር ቢኖር በታሪክ ትምህርት የተማርኩትን፣ አባ ታጠቅን፣ አባ ዳኘውንና አባ ነፍሶን ብቻ ነበር።

ክለቡ ለልጆች የሚያዘጋጀው የመሰናክል ዝላይ ውድድር በኅዳር የመጨረሻ እሑድ ነበር። ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። መመዝገቢያውን ከፈልን። ‹‹ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው›› ይባል የለ? እኛም ፈረሱ ተገዝቷል፣ ሜዳው አለ፣ የቀረው ጉልበት እንዲያገኝ ማድረግ ብቻ ነው ብለን አሰብን። ለጉልበት ደግሞ ገብስ አለ።

ስለዚህ ገብስ ሰጠነው። ጠዋት አንድ ትልቅ ጣሳ፣ ማታ አንድ ትልቅ ጣሳ፣ በላዩ ላይ ፍሩሽካ። ሁላችንም ‹‹ጋሼ›› የምንላቸው የክለቡ ፈረስ ጠባቂ አይተው ‹‹ይሄ ልጅ ገብስ የለመደ አይመስለኝም፤ ቀስ ብትሉ ይሻላል›› ብለውን ነበር። እኛ ግን የከሳ ፈረስ አየን፤ የከሳ ነገር ሁሉ የሚድነው በማብላት ነው ብለን ደመደምን። ለእንግዳ ‹‹በሞቴ አንዴ ብቻ›› እያለ የሚያጎርስ ቤተሰብ ከዚህ ሌላ ምን ያስባል?

በአምስተኛው ሌሊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጋሼ ደወሉ። ፈረሱ መሬቱን በፊት እግሩ ይቆፍራል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ይንከባለላል። ላብ አጥምቆታል። ከአመሻሹ ጀምሮ ፋንድያ አልጣለም። ስንደርስ የእንስሳት ሐኪሙ ቀድመውን ደርሰው ነበር። የሕመም ማስታገሻ ወጉት፣ በአፍንጫው በኩል ቱቦ አስገብተው ጨጓራውን አዩ፣ ከዚያም እስኪነጋ ድረስ ጋሼና እኔ በየተራ በእጃችን ይዘን ቀስ እያልን አራመድነው። እህቴ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። ልጅቷ አልተኛችም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ፈረሱ ቆመና ፋንድያ ጣለ። በሕይወቴ ፋንድያ አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐኪሙ ጓንታቸውን እያወለቁ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ‹‹እዚያ ሲኖር ምን ይበላ ነበር?›› ማናችንም አላወቅንም። ዋጋውን ተከራክረናል፣ ጥርሱን አይተናል፣ ዕድሜውን ጠይቀናል። ምን እየበላ እንዳደገ ግን ሻጩን አልጠየቅነውም። በማግሥቱ ደውለን ስንጠይቅ መልሱ አጭር ነበር፤ ቀን መስክ ላይ ሣር ይግጣል፣ ማታ ጭድ ይበላል፣ ገብስ የሚቀምሰው ጉግስ ሲደርስ ብቻ ነው፤ እሱም በእፍኝ።

የፈረስ ሆድ እንደ ላም አይደለም

የዚያን ሌሊቱን ስህተት ለመረዳት የፈረስን ሆድ ማወቅ ያስፈልጋል። የአንድ መካከለኛ ፈረስ ጨጓራ ከ8 እስከ 15 ሊትር ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። የአንድ ትልቅ ላም የመጀመሪያው ሆድ ግን ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ፈረስ በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉና የሌሊቱን ግማሽ ጥቂት በጥቂት እየጋጠ የሚውል እንስሳ ነው፤ እንደ ሰው ቁርስ፣ ምሳና ራት ብሎ የሚበላ አይደለም። ምራቁም የሚመነጨው ሲያኝክ ብቻ ነው። የጨጓራው አሲድ ግን ያለማቋረጥ ይመነጫል። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ባዶ አፉን የቆመ ፈረስ ጨጓራው በራሱ አሲድ ይቆስላል።

ሌላው ነገር ማስመለስ አለመቻሉ ነው። የማይስማማውን የበላ ሰው ያስመልሰውና ይገላገላል፤ ፈረስ ግን የገባው ሁሉ ወደ ፊት መሄድ አለበት። ሣርና ድርቆሹ የሚፈጨው ከትንሹ አንጀት በኋላ ባለው ሰፊ የአንጀት ክፍል ውስጥ፣ በቢሊዮን በሚቆጠሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ነው። እነዚህ ተሕዋስያን የለመዱት ምግብ አላቸው። በድንገት ብዙ እህል ሲመጣ በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ የማያልቀው ስታርች ወደ እነሱ ይወርዳል፣ በፍጥነት ይብላላል፣ ጋዝና አሲድ ይፈጠራል። ውጤቱ ቁርጠት ነው። ሲከፋም አሲዱ ለሰኮና ውስጠኛ ክፍል ብግነት ምክንያት ይሆናል፤ ይህም ፈረሱን ለዘለቄታው ሊያሽመደምደው ይችላል። ሐኪሙ ‹‹ሰኮናው ትኩስ እንዳይሆን ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ በእጃችሁ ዳስሱ›› ያሉን ለዚህ ነው። ልጅቷ ሥራውን ለማንም አልሰጠችም።

የሚከተለው ሕግ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አይበዛበትም፤ አዲስ የመጣን ፈረስ መኖ ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀይሩ። ፈረስ ሲገዙም የለመደውን ድርቆሽ ወይም ጭድ ቢያንስ አንድ ሁለት ጆንያ አብረው ገዝተው ይጫኑ። ከአዲሱ ጋር እየቀላቀሉ፣ የአሮጌውን መጠን በየቀኑ እየቀነሱ ይሄዳሉ። የእኛ ወጪ ሠንጠረዥ ላይ ለሁለት ጆንያ ጭድ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ለሌሊት ሐኪም ግን ማውጣታችን አልቀረም።

መጀመሪያ ይመዝኑት

ለፈረስ የሚሰጠው ነገር ሁሉ በክብደቱ ነው የሚሰላው፤ መኖው፣ ጨውና የትል መድኃኒቱም ጭምር። የፈረስ ሚዛን ያለው ሰው ግን የለም። መፍትሔው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከብብቱ ሥር፣ ከትከሻው ጉብታ በስተኋላ ዙሪያውን በሴንቲሜትር ይለኩ። ከዚያ ከፊት ትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለውን ርዝመት ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ11,880 ያካፍሉ። የሚያገኙት ቁጥር ክብደቱ በኪሎ ነው። የእኛ ዳማ ዙሪያው 148፣ ርዝመቱ 138 ሴንቲሜትር ሆኖ 254 ኪሎ ገደማ ወጣ። እኛ ስናበላው የነበረው ግን በጣሳ ነበር። አንድ ጣሳ ገብስና አንድ ጣሳ ፍሩሽካ ደግሞ በክብደት ፍጹም አይገናኙም። አሁን የምንጠቀመው ለጉዞ ሻንጣ መመዘኛ የሚሆነውን ትንሽ ተንጠልጣይ ሚዛን ነው። ድርቆሹን በገመድ አስረው ያንጠለጥሉታል፣ ቁጥሩን ያነባሉ።

ከክብደቱ ጎን ለጎን ውፍረቱን ማየት ያስፈልጋል። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ከ1 እስከ 9 የሚደርስ መለኪያ በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። 1 ማለት አጥንቱ የገጠጠ፣ 9 ማለት ስብ የተቆለለበት ነው። ለስፖርት ፈረስ 5 አካባቢ ጥሩ ነው። የጎን አጥንቶቹ ለዓይን አይታዩም፣ በእጅ ሲዳሰሱ ግን በቀላሉ ይገኛሉ። ዳማችን 4 ነበር። ‹‹ከስቷል›› ብለን የደነገጥንለት ፈረስ የጎደለው አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረች።

ምን፣ ስንት፣ መቼ?

ድርቆሽ። የፈረስ ዋና ምግብ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው። በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ከ1.5 በመቶ በታች ግን በፍጹም መውረድ የለበትም። ለዳማ ይህ በቀን 5 ኪሎ ተኩል ድርቆሽ ሆነ። በአራት ከፍለን እንሰጠዋለን፤ ትልቁ ድርሻ የማታው ነው፣ ምክንያቱም ሌሊቱ ረጅም ነው። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ የሚሸት ሳይሆን የሚያውድ፣ ሲያራግፉት አቧራ የማይነሳበት ነው። የሻገተ ከሆነ በነፃም ቢሰጡዎ አይውሰዱ። ትንሽ አቧራ ካለው ውኃ አርከፍክፈው ይስጡት፤ ሳንባውን ያድኑለታል። በደጋው አካባቢ ድርቆሽ የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ደረቅ መጋዘን ካለዎት የዓመቱን ያን ጊዜ ይግዙ።

ጭድ። የጤፍ ጭድ ለማታ ማኘኪያነት መጥፎ አይደለም፤ ለሚሠራ ፈረስ ግን ብቻውን ምግብ አይሆንም፤ ፕሮቲኑና ኃይሉ ትንሽ ነው።

አልፋልፋ። ፕሮቲንና ካልሲየም የሞላበት ነው። በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የደረቀ አልፋልፋ የዳማን ጡንቻ ከማንም በላይ የረዳው ይመስለኛል። እሱንም ቢሆን ከጥቂት ጀምረን ነው የጨመርነው።

ገብስና አጃ። ሥራ ሲጀምርና ድርቆሹ ብቻ ሲያንሰው ይመጣሉ። የአጃ ስታርች በትንሹ አንጀት ከገብስ ይልቅ በቀላሉ ይፈጫል። ገብስ ከሆነ የተከካ ወይም የተቀቀለ ይሁን፤ ድፍኑን ከሰጡት አብዛኛው እንዳለ ፋንድያው ውስጥ ያገኙታል። ከሕመሙ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል አላስቀመስነውም። ከዚያ በቀን 200 ግራም ጀምረን በየሦስት ቀኑ 100 ግራም እየጨመርን፣ በጠዋትና በማታ 400፣ 400 ግራም ላይ አቆምን። ለእሱ መጠን ላለው ፈረስ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ባያልፍ ይመከራል። እህል ከበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ከዚያም በላይ ሳይቆይ አይጋለብም። እፍኝ ድርቆሽ ግን ከግልቢያ በፊት ቢያኝክ ይጠቅመዋል፤ በውስጡ ያለው አሲድ እንዳይረጭ ያግዳል።

ፍሩሽካ። ብዙ ሰው ‹‹ለፈረስ ቀላል ምግብ ነው›› ይላል። በውስጡ ፎስፈረስ በጣም ብዙ፣ ካልሲየም በጣም ጥቂት ነው። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲሰጥ ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይወስዳል። ጥቂት ከሆነ፣ ከአልፋልፋ ጋር ከሆነ ይሁን።

ጨውና ውኃ። ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ክብደት በቀን 10 ግራም ያህል ጨው፤ ላብ በሚያልበው ቀን ተጨማሪ። አሞሌ ጨው ጋጣው ውስጥ ማንጠልጠልም ይቻላል። ውኃ ሁልጊዜ ከፊቱ ይኑር። ዳማ በሥራ ፈት ቀን ከ15 እስከ 20 ሊትር ይጠጣል፤ ሲሠራና ሲሞቅ ከዚያ በላይ። ባልዲውን የምታጥበው ልጅቷ ናት። ‹‹አንቺ የማትጠጪበትን ባልዲ ለእሱ አትስጪው›› አሏት ጋሼ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አስታውሷት አያውቅም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ለዶሮ ወይም ለከብት ተብሎ የተቀነባበረ መኖ ለፈረስ አይስጡ። አንዳንዱ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይገባበታል። ዶሮና ከብት ይቋቋሙታል፤ ፈረስን ግን በጥቂቱ ይገድለዋል።

ቁርጠት ሲይዘው

ምልክቶቹን ቤተሰቡ ሁሉ ቢያውቃቸው ጥሩ ነው። መኖ እምቢ ማለት፣ ጎኑን ደጋግሞ ማየት፣ መሬት መቆፈር፣ መተኛትና መነሳት፣ መንከባለል፣ ያለ ሥራ ማላብ፣ ፋንድያ መቅረት። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ሲያዩ የሚከተለውን ያድርጉ፤
– ወዲያውኑ ሐኪም ይጥሩ። ‹‹እስኪነጋ እንይ›› አይበሉ።
– መኖውን ሁሉ ከፊቱ ያንሱ።
– ሊንከባለል የሚሞክር ከሆነ በእጅ ይዘው ቀስ ብለው ያራምዱት፤ በጸጥታ ከቆመ ይተዉት።
– በአፉም ሆነ በአፍንጫው ዘይት፣ አረቄ ወይም የሰው መድኃኒት አይጋቱ። ሳንባው ውስጥ ከገባ ከቁርጠቱ የባሰ ነገር ያመጣል።

ኮርቻ ከመጫንዎ በፊት

ሐኪሙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ‹‹የእንግድነት ጊዜ›› አሏቸው። አዲስ ፈረስ ከሌሎቹ ተለይቶ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ያልታየ በሽታ ካለበት አያዛምትም። በዚህ ጊዜ የትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል። ጥርሱ ይታያል፤ የጥርሱ ጠርዝ ከተሳለ ጉንጩን ስለሚቆርጠው መኖውን በደንብ አያኝክም፣ ልጓምም ያስመርረዋል። ኮቴው ይስተካከላል። ክትባቱም አይረሳ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው፣ በትናንሽ ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ በአገራችን አለ። ክትባቱን የሚያመርተው ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ከክትባት በኋላ ፈረሱ ማረፍ ስላለበት የልምምድ ዕቅድዎ ላይ ያንን ይቁጠሩ።

በዚሁ ጊዜ ልጅቷ አንድ ነገር ተማረች፤ የልብ ምት መቁጠር። በታችኛው መንጋጋ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የምትርገበገብ የደም ሥር አለች። በሁለት ጣት ተጭኖ 15 ሰከንድ ይቆጠራል፣ በአራት ይባዛል። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። የዳማ የጠዋት ቁጥር ዘጠኝ ናት፤ ማለትም በደቂቃ 36። ይህን በየቀኑ በደብተር ላይ ጻፈች። የሒሳብ ደብተሯን እንዲህ ጠርዛ አይቼ አላውቅም።

አሥራ ሁለት ሳምንት

የልምምዱ ነገር አንድ ቁልፍ አለው። የፈረስ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራሉ፤ ጡንቻው ይከተላል፤ ጅማቱና አጥንቱ ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ወር የሠለጠነ ፈረስ ‹‹ልቀቁኝ፣ ልጋልብ›› ይላል፣ እግሩ ግን ገና ነው። ብዙ ፈረስ የሚያነክሰው በዚህ ሁለት መካከል ነው። ጊዜውን መጀመሪያ ይጨምሩ፣ ፍጥነቱን በኋላ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም አይጨምሩ።

ከሐኪሙና ከአሠልጣኟ ጋር የተስማማንበት ዕቅድ ይህ ነበር።

ከ1ኛ እስከ 2ኛ ሳምንት፦ ኮርቻ የለም። በእጅ ተይዞ በቀን ሁለቴ 15፣ 20 ደቂቃ መራመድ። አካባቢውን ይለምዳል፣ ልጅቷንም ይለምዳል።

ከ3ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ ተቀምጠውበት እርምጃ ብቻ፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ለስለስ ያለ ዳገት ካለ እሰየው፤ የኋላ እግሩን ያለ ፍጥነት ያጠነክራል። አስፋልት ላይ አይደለም።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ ሶምሶማ። በሁለት ደቂቃ ተጀምሮ በመካከሉ እርምጃ፣ ከዚያ እንደገና። በስምንተኛው ሳምንት በጠቅላላው ወደ 20 ደቂቃ ሶምሶማ ደረሰ። መሬት ላይ የተጋደሙ እንጨቶችን በእርምጃና በሶምሶማ መሻገር እዚህ ይጀመራል።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት፦ ደንገላሳ፣ መጀመሪያ አንድ አንድ ደቂቃ። ዝቅተኛ ዝላይ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፤ ከዝላይ ቀን በኋላ ያለው ቀን ቀላል እርምጃ ወይም እረፍት ነው።

እያንዳንዱ ቀን በአሥር ደቂቃ እርምጃ ይጀመራል፣ በአሥር ደቂቃ እርምጃ ያልቃል። ሥራ ካቆመ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የልብ ምቱ ከ60 አካባቢ በታች ካልወረደ ያ ቀን በዝቶበታል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ይቀንሳሉ። ጠዋት እግሮቹን ከላይ ወደ ታች ይዳስሱ፤ ትኩስ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ኮርቻውን ይስቀሉት።

የመጣበት ቦታም ይታሰብ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዳማ የሰላሌ ልጅ ስለሆነ ከዚህም ከፍ ያለ አየር የለመደ ነው። ከቆላ የመጣ ፈረስ ግን ሳንባውና ደሙ አየሩን እስኪለምዱ ተጨማሪ ሳምንታት ያስፈልጉታል።

የኅዳሩ እሑድ

ዕቅዱ ወረቀት ላይ ሲወጣ ሁላችንም አንድ ነገር አየን። ውድድሩ በኅዳር የመጨረሻ እሑድ ነው። በዚያ ቀን ዳማ ስድስተኛ ሳምንቱ ላይ ነው፤ ገና ሶምሶማ።

ልጅቷ ተከራከረች። ‹‹አክስቴ፣ እሱ እኮ ጉግስ ሲጫወት ነው ያደገው! ሽምጥ ይጋልባል!›› እውነቷን ነው። ሐኪሙ የመለሱላት ግን እንዲህ ነበር፤ ጉግስ በሣር ሜዳ ላይ አጭር ሩጫ ነው። ዝላይ ሌላ ነው። ፈረሱ ሲያርፍ ክብደቱ ሁሉ፣ የአንቺም ክብደት ተጨምሮ፣ በፊት እግሮቹ ጅማት ላይ ይወርዳል። ክረምቱን ሙሉ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ነው የከረመው።

እቤት ስንገባ ክርክሩ የእኔና የእህቴ ሆነ። እህቴ ‹‹ቃል ገብተንላታል፤ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ምን ይሆናል?›› አለች። እኔም ውስጤ ከእሷ ጋር ነበር፤ መመዝገቢያውን የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ለቢሮ ባልደረቦቼም ‹‹ኑና እዩ›› ብያቸዋለሁ። ያን ምሽት ነገሩን የቋጩት አያቷ ናቸው። ‹‹ልጄ፣ ያን ሌሊት መኪና ውስጥ ሆነሽ ምን ብለሽ ነበር የጸለይሽው?›› ብለው ጠየቋት። ልጅቷ አልመለሰችም። አለቀሰች፣ ወደ ክፍሏ ገባች። በማግሥቱ ስሟን ከዝርዝሩ እንድሰርዝላት ራሷ ነገረችኝ።

በውድድሩ ቀን ለተመልካችነት ሄድን። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ገቡ፣ ዘለሉ፣ ተጨበጨበላቸው። እሷም አጨበጨበች። ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ድረስ ዝም ብላ ቆየችና ‹‹ነገ ስንት ደቂቃ ሶምሶማ ነው ያለን?›› አለችኝ።

በጥር አጋማሽ ዕቅዱን ጨረስን። ያ ወር የፈረስ ወር ነው፤ በጥምቀት ያጌጡ ፈረሶች ታቦታቱን ያጅባሉ፣ ጥር 23 ቀን ደግሞ የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ዓመታዊ በዓላቸውን ያከብራሉ። በቴሌቪዥን ስናይ ቤተሰባችን ፈረስ የሚያይበት ዓይን ተለውጦ ነበር። እህቴ ‹‹ያኛው 5 ይሆናል፣ ያ ነጩ ግን 6 ነው›› እያለች ውፍረት ትገምታለች፤ አያቷ ኮቴ ይፈልጋሉ። የዳማ ዙሪያ 152 ሴንቲሜትር ደርሷል። ርዝመቱ ያው ነው፤ ክብደቱ 268 ኪሎ። የጎን አጥንቱ አይታይም፣ ሲዳሰስ ግን ይገኛል።

የካቲት መጨረሻ ላይ ክለቡ ሌላ ውድድር አዘጋጀ። ልጅቷ በዝቅተኛው፣ በ60 ሴንቲሜትሩ ምድብ ገባች። ዳማ ሦስተኛው መሰናክል ላይ አንድ እንጨት በኋላ እግሩ አወረደ፤ የቀረውን በንጽሕና ጨረሰ። እኛ እያጨበጨብን ወደ መውጫው ስንሮጥ ከኮርቻው ወርዳ ማሰሪያውን እያላላች ነበር። አሥር ደቂቃ በእጇ ይዛ አራመደችው። ከዚያ ሁለት ጣቷን መንጋጋው ሥር አድርጋ ሰዓቷን አየች። ማናችንም አልተናገርንም።

‹‹አሥራ ሦስት›› አለች። 52 ማለት ነው።

ደብተሯን ከኪሷ አውጥታ ጻፈችው። ጋሼ የድርቆሹን መረብ ሲሰቅሉለት ዳማ ጆሮውን አቁሞ ቀረበ። ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ ዞራ ‹‹ስንተኛ ወጣሁ?›› ብላ የጠየቀችኝ።